መቀላቀል የለም

ይህ ታሪክ እንደ ወረደ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከጨመርኩበት የመራፒ ተራራ ከነእሳቱ ይናድብኝ!

በዚያ ተራራ ግርጌ፣ በአንዲት የጃቫ መንደር፣ ቱኪራን የሚባል እርግብ ሻጭ ነበረ። ድምፁ ሰባት መንደር ይሻገራል፤ ጉራው ደግሞ ባሕር። «እኔ የተደገፍኩት ደረቅ ግንድ እንኳ ያፈራል!» ይል ነበር። ሚስቱ ላስትሪ ግን ከተጋቡ ዓመታት ቢያልፉም አልወለደችም። መንደሩም ጣቱን በእሷ ላይ ቀሰረ።

በመጨረሻ የማህፀኗ ቱቦዎች ክፍት መሆናቸው በራጅ እንዲታይ ቀጠሮ ተያዘላት።

«የወር አበባሽ እንደቆመ ነይ፤ ቀኑን አታሳልፊ» አለቻት ነርሷ። «ትኩሳት ወይም መጥፎ ፈሳሽ ካለሽ ሳትደብቂ ንገሪን። እስከዚያ መቀላቀል የለም።»

ቤት ሲገቡ ላስትሪ አንገቷን ደፍታ፣ «ማስ፣ መቀላቀል የለም ያለችው…» ብላ ጀመረች፤ «ማስ» የጃቫ ሚስት ባሏን በአክብሮት የምትጠራበት ቃል ነው።

«ቅጠሉን ነዋ! የእናቴን የቅጠል መጠጥ ከኪኒን ጋር አትቀላቅዪ ማለቷ ነው። ሐኪም መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል እንዴ?»

ነገሩ ገብቶታል። በጃቫ ሰው አፍ «መቀላቀል» የባልና ሚስት ነገርም መሆኑን የማያውቅ ባል የለም። ግን ቱኪራንን ከሚስቱ የሚከለክል ሰው ገና አልተወለደማ!

እናቱም ቀን ቆጥረው መጡ። «ይኼ ቀጠሮ ከልደትሽ ቀን ጋር ይጣላል። እንዲህ ባለ ቀን የጎተራ በር እንኳ አይከፈትም!» አሉ። ቀጠሮው ወደ መልካሙ ቀን ተገፋ፤ ነርሷ ያለችው ጊዜ አለፈ።

በራጁ ዕለት ሌላ ነርስ፣ «መቀላቀል ነበረ?» ብላ ጠየቀች። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ላስትሪ ፊቷ እንደ ፍም ቀላ።

«አልነበረም» አለች።

የእርግዝና የሽንት ምርመራውም ጊዜው ገና ስለነበር ምንም አላሳየም። ቱቦዎቹ ክፍት ሆነው ተገኙ፤ ቱኪራንም መንደሩን በደስታ ጩኸት አናወጠው። ከሳምንታት በኋላ ግን ላስትሪ ደም በደም ሆና ሐኪም ቤት ገባች።

«ፅንስ ነበረ» አላት ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ራጁን ስትነሺም በማህፀንሽ ነበር። አስቀድመን የምንጠይቀው ለዚህ ነበር እኮ።»

ጎረቤት ሊያጽናና ሲሰበሰብ ቱኪራን ደረቱን እየደቃ ተነሣ። «ወላሂ! ማሽኑ ሲበራ እሳቱ ጣሪያ ነካ! ተራራ የሚያህል ወንድ ልጄን አመድ አደረገው! ሚስቶቻችሁን እዚያ እንዳትወስዱ!»

ቀጠሮዋን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሙሽራ፣ «እኔስ ቀረሁ» ብላ ተንሾካሾከች።

ላስትሪ ከተኛችበት ምንጣፍ ላይ ቀና አለች።

«እሳት አልነበረም» አለች፤ ድምጿ እምብዛም አይሰማም። «አንቺ እህቴ፣ ሂጂ። ቀኑን ግን አታሳልፊ፤ ሲጠይቁሽም ማንም አጠገብሽ ይቀመጥ፣ አፍረሽ አትዋሺ። እኔ ዋሽቻለሁ። ማስ፣ ቅጠሉን ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»