ሚስማሩ ያልተነቀለው ቁም ሳጥን

ይህ የሆነ ነገር ነው። ካላመናችሁ ሮቢት ድረስ ሄዳችሁ ያንን ሰርግ የበላ ሰው ጠይቁ። እኔም በልቻለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ... ዳስ ውስጥ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት።

ፍቅሩ የሚባል የቆቦ ልጅ ነበር። ከስልክ ላይ ጥቂት አስማት ለቃቅሞ ራሱን "ማስተር ፊክ" ብሎ የሰየመ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሶ ይዞራል። ላቡ በጀርባው እየወረደ እኛን በንቀት ያየናል።

"እነዚህ ማሽላ ከመጠበቅ ሌላ ምን ያውቃሉ?" ይላል። አዲስ አበባ መድረክ ላይ እስኪወጣ ነው አሉ የታገሰን።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ዓይኑን ማየት አልወድም ነበር። የልቡን ያወቅኩት በኋላ ራሱ እያለቀሰ ስለነገረኝ ነው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ደብሪቱ ናት። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ያንን ኮት እንኳ የገዛችለት እሷ ናት። እሱ ግን ሰው ፊት "እህቴ" ብሏት አያውቅም። ያፍርባታል።

የዚያን ቀን የጎረቤታችን ልጅ የራዊያ ሰርግ ነበር። ሰው የሚሰወርበትን ትርኢት ሊያሳየን መጣ። ልትሰወርለት የተስማማችው ልጅ ግን በመጨረሻ ሰዓት ቀረችበት።

"እኔ እገባልሃለሁ" አለችው ደብሪቱ፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

"ብቻ እንዳታሳፍሪኝ።"

ይህ ነው ምስጋናው!

ብልሃቱ ቀላል ነው። ከቆቦ በአይሱዙ ያመጣው ቁም ሳጥን ጀርባው የሚከፈት ሳንቃ ነው። ከኋላው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ማድ ቤት። ደብሪቱ በፊት ትገባለች፣ በጀርባ ትወጣለች። ባላገሩ ያጨበጭባል።

ደብሪቱ ገባች። በሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸው...

ቀደም ብሎ የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኑሀ ሙሽሮቹን መርቀው ነበር። እኛ ዘንድ እጅ ተዘርግቶ ቃል ከተነገረ አፍ ሳይጠየቅ አሚን ይላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ማንም ቃሉን አይመረምርም። ልማድ ነው።

ፍቅሩ ይህን ሊያላግጥበት ፈለገ። ሁለት እጁን ዘረጋ። የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለ...

"ደብሪቱ ከዓይናችን ትሰወር!"

"አሚን!" አልን።

"ካለችበት ትጥፋ!"

"አሚን!"

ብቻውን ሳቀ። ሼህ ኑሀ ኮቱን ያዝ አደረጉት።

"አንተ ልጅ... እጅ ዘርግተህ አትቀልድ።"

"ይተዉኝ እስቲ አባባ።"

በሩን ከፈተው። ባዶ ነው። ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ። ማስተር ፊክ አንገቱን ቀና አደረገ።

ዘጋው። እህቱ በጀርባ እስክትመለስ ጠበቀ። ከፈተው።

ባዶ...

ደግሞ ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። በዚያ ሙቀት እንጨቱ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል።

ወደ ማድ ቤቱ ሮጠ። ወጥ ሠሪዋ ዘኪያ ወጥ እያማሰለች ነበር።

"ዘኪያ... እህቴ የት አለች?"

እህቴ አለ። ገና ያኔ!

"በዚህ በኩል የወጣ ሰው የለም" አለችው።

የቁም ሳጥኑን ጀርባ አየ። መኪናው ላይ ሳንቃው እንዳይርገበገብ ብሎ ራሱ የመታው ሚስማር... እንዳለ ነው። መንቀሉን ረስቶታል።

በጀርባ አልወጣችም። መውጫም አልነበራት።

ተመልሶ ሼህ ኑሀ እግር ላይ ወደቀ። ኮቱ አቧራ ለበሰ።

"አባባ... በፈጠረዎ ይመልሱልኝ።"

"እኔ አልሰደድኳት" አሉት በሹክሹክታ። "ቃሉ ያንተ ነው። ዘርጋ እጅህን።"

ዘረጋ።

"እህቴ... ትመለስልኝ።"

"አሚን" አልን። ዝግ ብለን።

በሩ ተንቋቋ...

ደብሪቱ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ፍቅሩ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ። ሁላችንንም ላብ አጥምቆናል... እሷ ፊት ላይ ጠብታ የለም። ነጠላዋ አሁን ከሳጥን የወጣ ይመስል አልተጨማደደም። ወንድሟ ሲያለቅስ እንባውን አልጠረገችለትም። እኛን ነበር የምታየው። ተራ በተራ።

"እትዬ... ደህና ነሽ?" አላት ፍቅሩ።

"ደህና ነኝ።"

ያኔ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ፍቅሩዬ... ክፈትልኝ... ጨለመብኝ።"

የደብሪቱ ድምፅ ነው።

አንዲት አሮጊት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ፍቅሩ አጠገቡ የቆመችውን አያት። በሩን አየ። መልሶ አያት። ፊቷ ላይ ምልክት ፈለገ፤ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ፣ የሆነ ነገር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያበላችውን ሴት ለይቶ አያውቃትም። አይቷት ያውቃል እንዴ!

"ፍቅሩዬ... ቶሎ በል..."

እጁ ወደ እጀታው ሄደ።

አጠገቡ ያለችው ቀስ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

"ይህ በር አይከፈት" አለች።

"አሚን!"

አልን። ሦስት መቶ ሰው። እኔም ብያለሁ... ልቤ አላለም፣ አፌ ነው ያለው።

ከሁላችን ድምፅ ግን ጎልቶ የተሰማ አንድ አሚን ነበር። ከፍቅሩ አፍ። እጀታውን እንደያዘ።

ጎተተው። ደግሞ ጎተተው። በሩ እንደ ግድግዳ ሆነ።

ከዚያ ከውስጥ፣ በጣም ዝግ ብሎ...

"ፍቅሩዬ... አንተም አሚን አልክ?"