ብሎን ጣሳ ውስጥ የተገኙት ክኒኖች

ጠበቃ የፈለገችው አንድ ብሎን ብቻ ነበር። እንግዶቹ ሊመጡ ትንሽ ሲቀራቸው የአንዱ ወንበር እግር ተወላገደና አክስቷ «ሮጥ በይ፣ ከአባዬ ክፍል ብሎን አምጪ» ብላ ላከቻት። የአያቷ የእንጨት ሥራ ክፍል ከቤቱ ጀርባ ነው። የብሎኑን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው ከዛገው ምስማር ጋር ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ተንከባለሉ። ለቅማ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

ክኒኖቹን ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች። በየሳምንቱ የአያቷን መድኃኒት ሰባት ክፍል ባላት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የምትደረድረው እሷ ናት። ነጯ የደም ግፊት ክኒን ናት፤ ሐኪሙ «አንድም ቀን እንዳትዘለል» ብሎ ሁለቴ የተናገረላት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

አያቷ የመላጊያቸውን ምላጭ እየሳሉ ነበር። ቀና ብለው አዩና መልሰው አጎነበሱ።

«ክዳኑ አልገጥም አለ።»

«የምን ክዳን?»

«የሣጥኑ ነዋ! አክስትሽ ያመጣችው እንክብል ጣት ያክላል። ሁለቱን ስጨምርበት ክዳኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። ክዳኑ የማይገጥም ሣጥን ደግሞ ሣጥን አይባልም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለተለማማጆቼ ስነግር የኖርኩት ነው። ስለዚህ ትንሿን አወጣኋት።»

ጠበቃ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ክኒኖቹን እንደገና ቆጠረች።

«ታዲያ እንክብሎቹን አያወጡም ነበር?»

«ለምን ተብሎ? ትንሿ ለደም ብቻ ናት። አዲሱ ግን ለሴል ሁሉ ጉልበት ይሰጣል ተብሏል። ደም ውስጥስ ሴል የለም እንዴ? ለፈተና ስታጠኚ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ!»

እሷው ናት። የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ስትለፈልፍ መላጊያቸውን አቁመው ያዳምጧት ነበር። «ጠበቃ» ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ ገና በሕፃንነቷ «ለምን?» ሳትል የምትቀበለው ነገር ስላልነበረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አመሉም ስሙም አብረዋት አድገዋል።

«አባባ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ?» አሉ ምላጩን አስቀምጠው። «አምና መላጊያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። አሁን እነሆ እሠራለሁ። እርጅና መጣሁ ሲለኝ 'እንኳን ደህና መጣህ፣ ተቀመጥ' ልበለው? አልለውም!»

እንዲህ ሲሉ ትወዳቸዋለች። ለዚህም ነው ነገሩ የከበዳት። ክኒኖቹን ኪሷ ከታ ወጣች።

አክስቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ሳፕሊመንት የሚባል የሰውነት ማጠናከሪያ እንክብል ለጎረቤትና ለደንበኛ መሸጥ ጀምራለች። ለዛሬ ያሰበችው ፕሮግራም አጭር ነው፤ የሰባ ስድስት ዓመቱ አባቷ እንክብሉን እንዲገዙ በተጠሩት እንግዶች ፊት ጣውላ ይልጋሉ፣ ቀጥሎ ጠበቃ የምስክርነት ወረቀት ታነባለች። ወረቀቱ ከአከፋፋዮቹ ታትሞ የመጣ ነው፤ በእስክሪብቶ የተሞላው የአያቷ ዕድሜና ሙያ ብቻ ነው።

«እቴቴ፣ አባባ የግፊት መድኃኒታቸውን አቁመዋል» አለቻት ጠበቃ በሹክሹክታ፣ አክስቷ ብርጭቆ ስትደረድር።

የአክስቷ እጅ ቆመ። «እኔ አቁም አላልኩትም!»

«አላልሽም። ወረቀቱ ግን 'ከመድኃኒት ጥገኝነት ተላቀዋል' ይላል።»

«እሱን ሁሉም ወረቀት ላይ ይጽፉታል። እኔ ራሴ እውጠው የለ እንዴ? መርዝ አይደለም።»

«መርዝ ነው አላልኩም። የግፊት መድኃኒት አይደለም ነው ያልኩት።»

አክስቷ ወደ በሩ አየች። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ጫማቸውን እየጠረጉ ነበር። «ሲሄዱ እንነጋገራለን። ዛሬን ብቻ አታዋርጂኝ፣ እሺ የኔ ቆንጆ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ነገሩን ለእኔ ተይው።»

ሳሎኑ ሞላ። ከእንግዶቹ መካከል ጎረቤታቸው ነርሷም አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። አያቷ ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ጣውላውን ያዙ። መላጊያው ሲሄድ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ኧረ ጉድ! የሃያ ዓመት ጎረምሳ!» አለ አንዱ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጠበቃ ግን የምታየው የግራ እጃቸውን ነበር። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጆሯቸው ደም መስሏል።

ተራዋ ደረሰ። ወረቀቱን ይዛ ቆመችና ስለ ሴል ጉልበት፣ ስለ ጤናማ እርጅና የተጻፈውን ጥሩ አድርጋ አነበበች። 'ከመድኃኒት ጥገኝነት ተላቀዋል' የሚለው መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«ይሄን አላነብም» አለች።

«ምን?» አለች አክስቷ፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ።

«አላነብም። ምክንያቱም አባባ የግፊት መድኃኒታቸውን ከዋጡ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል።»

አያቷ ከጣውላው ቀና አሉ።

«ውሸቷን ነው!»

ጠበቃ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። አያቷ በሕይወታቸው ውሸታም ብለዋት አያውቁም። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፤ ጣቶቿ ክኒኖቹን ነኩ። ብታወጣቸው ይህ ሁሉ ሰው ማን እንደዋሸ ያውቃል። አያቷ ከዚያ በኋላ በዚህ ሰፈር አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዴት ይሄዳሉ? እጇን ባዶውን አወጣችው። እንባዋ መጣ፤ አላቆመችውም።

«እሺ፣ ውሸታም ልሁን። ሲስተር፣ ግፊታቸውን ይለኩልኝ።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ፣ በሰው ፊት!» አለች አክስቷ። «ተቀመጪ!»

«ሳይለኩ አልቀመጥም።»

«ምናለበት፣ መለካት እኮ አያምም» አለች ሲስተር ተነስታ። ቤቷ ጎን ለጎን ስለሆነ መለኪያውን ይዛ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባትም። አያቷ በኩርፊያ ክንዳቸውን ዘረጉ። ሲስተር አንዴ ለካች፤ ቁጥሩን አይታ ደገመች።

«ጋሼ፣ ኮትዎን ይልበሱ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ኮቱን ሮጣ ያመጣችው አክስቷ ናት። እንግዶቿን ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

አመሻሽ ላይ ሲመለሱ የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነበር። የግፊቱ መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀመር፤ እንክብሉ ይቁምና ሌላ የሚጨመር ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይየው። አክስቷ ይህን ለጠበቃ በለሆሳስ ስትነግራት አያቷ በአጠገቧ ዓይናቸውን ሳያነሱ አለፉ።

«አዋረድሽኝ» አሉ በራቸው ላይ ሲደርሱ። «ሁለተኛ መድኃኒቴን እንዳትነኪ።»

ጠበቃ ያን ያህል አልቅሳ አታውቅም። ግን አንዴም አልተጸጸተችም።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በአንድ እጇ ውኃ በሌላው ክኒን ይዛ ወደ እንጨት ሥራው ክፍል ገባች። አያቷ ጀርባቸውን እንደሰጧት ናቸው።

«አስቀምጪውና ሂጂ።»

«ሲውጡ አይቼ ነው የምሄደው።»

«አኩርፌሻለሁ እኮ!»

«ያኩርፉኝ። አኩርፈው ቢውጡትም ይሠራል።»

ትከሻቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከሳቅ ይሁን ከንዴት አላወቀችም፤ ፊታቸውን አላዞሩላትም።

«ይረፍድብሻል» አሉ።

«ይርፈድብኝ።»

ከመንገዱ ማዶ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ደወል ተሰማ። ጠበቃ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ባዶውን ወንበር ወደ አያቷ ጎን ሳበችና ውኃውን እንደያዘች ተቀመጠች።