የተሰረዙት አምስት መስመሮች

ልጆቼ፣ ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ለማስደንገጥ ብዬ ነፍሴን በውሸት አላሳድፍም።

ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ... ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ ሰው በሞላበት ቢሮ ነው የተጀመረው።

የደረሰበት የእህቴ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ "ፍታው" እንለዋለን። ከልጅነቱ ሬዲዮ ይፈታል፣ ሰዓት ይፈታል፤ መልሶ የገጠመው ግን አይታወቅም። አድጎ የቤት ንድፍ በሚሠራ ቢሮ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሲሆን፣ መግጠም መቼ ለመድክ ብዬ ስቄበታለሁ።

በዚያ ቢሮ አንዲት ንድፍ ሠሪ ነበረች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ድምፅዋ አይሰማም።

አምና አንድ ቀን፣ ልክ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፍታው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ከራሱ ኮምፒውተር ወደ እሷ ገብቶ ድራይቨር ቀየረ። ድራይቨር ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ በኮምፒውተሩና ሥዕሉን ወደ ስክሪን በሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ሰዎቹ እያወሩ አስተርጓሚ አይቀየርም። እሷም ስሠራ አትንካብኝ፣ ቀድመህ ንገረኝ ብላ ለምናው ነበር።

አንድ ደቂቃ ነው ብሎ ናቀው።

ስክሪኗ ደርቆ ቀረ። የሦስት ወር ሥራዋ፣ የአንድ ቤት ንድፍ፣ እየተቀመጠ ሳለ መሃል ላይ ተቆረጠ። ቅጂ መያዝ የፍታው ሥራ ነበር። አልያዘም።

ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም ደግሞ የተደረገበትን ሁሉ ሎግ በሚባል መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ስንት ሰዓት፣ ምን ተደረገ፣ ማን አዘዘ... ምንም አያልፈውም። ፍታው ከዚያ መዝገብ አምስት መስመር ሰረዘ። ከዚያ ለአለቃው፣ ራሷ ነካክታ አበላሸችው አለ።

እሷ በር ላይ ጠበቀችው።

"አንተ ታውቃለህ" አለችው፣ በሹክሹክታ።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም።"

ተባረረች። ወሬው ቀድሟት እየሄደ የሚቀጥራት ጠፋ። በስድስተኛው ወር ሞተች ተባለ። እናቷ ግን አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈሩ "የሰው ሥራ ያጠፋችው ልጅ እናት" እያለ ይጠራቸዋል።

ዓመት አለፈ። ሥራ ሲበዛ አለቃው የእሷን ኮምፒውተር አራግፈህ ሥራ ላይ አውለው አለው።

ሰኞ ከፈተው። እስከ ምሳ ደህና ዋለ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል... ስክሪኑ ቀጥ አለ።

የማውሱ ቀስት ይሄዳል። ሥዕሉ ግን ደርቋል።

ፍታው አልደነገጠም። ድራይቨር ይወድቃል፤ የዕለት ሥራው ነው። አጥፍቶ አስነሳው፣ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መለሰው፣ ከዚያ ምክንያቱን ለማየት ሎጉን ከፈተ።

የመጨረሻው መስመር የተጻፈበት ቀን የአምና ነበር።

ከሰረዛቸው አምስቱ... የመጀመሪያው።

ማክሰኞ ገመዱን ቀየረ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረቀ። ሁለተኛው መስመር ተመለሰ፤ "ከሌላ ኮምፒውተር ሰው ገብቷል" የሚለው። ስክሪኑ ላይ ደርቆ የቀረው ግን እሱ የከፈተው ሥዕል አልነበረም። ያ አምና የጠፋው ቤት ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

ረቡዕ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከካርቶኑ አውጥቶ ገጠመ። ማንም ነክቶት የማያውቅ ካርድ ነው። ያው ቤት መጣ። ያው በር... ትንሽ ሰፋ ብሎ።

ሦስተኛው መስመር።

ሐሙስ ዲስኩን እንዳለ አጽድቶ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጫነ። ባዶ ዲስክ ላይ አራተኛው መስመር ተጽፎ ጠበቀው። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ጨለማ ነው።

የቀረው አምስተኛው ብቻ ነው። የእሱ ስም ያለበት።

ያን ዕለት ማታ እኔ ዘንድ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉንም ነገረኝ፤ እስከዚያች ቀን እኔም ከደሙ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ቢሆንም ልጄ ነውና ነገ ጠዋት ለአለቃህ ተናገር፣ ከዚያ እናቷ ዘንድ እኔው ይዤህ እሄዳለሁ አልኩት።

"እትዬ፣ እሷ እንደሆነች ሞታለች። ለሞተ ሰው ብዬ ልዋረድ?"

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ።"

ተነስቶ ወጣ። በልቡ ግን ሌላ መክሮ ነበር።

ዓርብ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ ካርዱን አወጣ። አሁን በምን ትጽፊያለሽ አለ በሆዱ፤ ካርዱን በመዳፉ ይዞ ሰዓቱን ተመለከተ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ካርዱ ሞቀ።

ከምንም ጋር ሳይገናኝ፣ እጁ ላይ እንዳለ... ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ መዞር ጀመረች።

በዚያው ቅጽበት በስብሰባው ክፍል አለቃው ለደንበኞች ንድፍ እያሳየ ነበር። ትልቁ ስክሪን ደረቀ። አምስቱም መስመሮች ተደርድረው ወጡ። አለቃው ብቅ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ና እስኪ አለው።

"ይሄ የማን ስም ነው?"

"የኔ" አለ ፍታው።

ዕቃውን ሳይሰበስብ ወጣ። ቀጥታ እኔ ቤት መጥቶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ስለ ሥራው የሚያዝን መስሎኝ ላጽናናው ጀመርኩ። እሱ ግን አይሰማኝም።

"እትዬ... ከአምስተኛው በታች ሌላ መስመር ነበር።"

"አምስት ነው የሰረዝኩት አላልከኝም?"

"አምስት ነው። ስድስተኛው የአምና አይደለም። የነገ ነው።"

"ምን ይላል?"

"ሰዓቱን... ስሜን... ከዚያ 'ቆመ' ይላል።"

ቅዳሜ ከቤት አላስወጣሁትም። በሩን ቆለፍኩ፣ ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁ። ቤቴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጥላችንን ግድግዳው ላይ ጥሎታል።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ትንፋሹን ያዘ። እኔም።

አለፈ።

ስምንት ተኩል ሲሆን ሳቄ መጣ። አየህ፣ ከአንተ የባሰ ፈሪ አላየሁም አልኩት። እሱም ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደ።

ግድግዳውን አየሁ።

የእሱ ጥላ አልተነሳም።

ፍታው ጓዳ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ እሰማለሁ... ጥላው ግን እንደ ስክሪኑ ደርቆ እንደተቀመጠ ነው።

እሁድ ከእናቷ እግር ላይ ወድቆ እውነቱን ተናገረ። ሰፈሩ ሰማ፤ የልጅቷ ስም ከሐሜት ጠራ። እናቷ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ እግሩ ሥር ያለውን ባዶ መሬት ትኩር ብለው አዩና በራቸውን ዘጉ።

ዛሬም ፀሐይ ላይ ሲቆም ከሥሩ ምንም የለም።

ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቻለሁ። ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። በጎኑ የተቀመጠ ሰው ጥላ ነው፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ የተገጠመ ከንፈሩ ሳይቀር ይለያል። ለምጄው ነበር።

ትናንት ቤት ስጠርግ ቀና ብዬ አየሁት።

አፉ ገርበብ ብሏል... እንደዚያ ቤት በር።