ደም ውስጥ የቀረው አተላ

ላይሶን እሑድ ጠዋት ከትምባሆ ማድረቂያው ዳስ ደጃፍ ትውከቱ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የትምባሆ እርሻ በሞላበት በካሱንጉ አገር እንዲህ ያለ ሞት ብዙ አያነጋግርም። በዝናብ እርጥብ ቅጠል ሲለቅም የዋለ ሰው መርዙ በቆዳው ይገባና ያስመልሰዋል፤ አልፎ አልፎም ይገድለዋል። ኢንስፔክተር ፌሌሲታ ንኮማ ግን ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር አትወድም። ሬሳው ሳይቀበር ደም አስቀዳች።

«ሳምንቱን ሙሉ ሲለቅም ነበር፤» አለ ካቦው ምዙማራ። «ቅዳሜ ቀን ማሳው ውስጥ ሲያስመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ሳገኘውም ‹ጉሮሮዬን አቃጠለኝ› ሲለኝ ነበር። ቅጠል ነው የገደለው፣ እመቤቴ።»

የሟቹ ሚስት ማሊታ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ለቅሟል፤ አንድ ቀንም አልቀረም።» ከዚያ የፌሌሲታን እጅ ያዘች። «ቅጠል ገደለው ይበሉልኝ! ሥራ ላይ የሞተ ሰው ሚስት እስከ አዝመራው መጨረሻ እርሻው ከሰጣት ቤት አትነሣም። አለዚያ ይህን ሆድ ይዤ የት እወድቃለሁ?»

«እኔ የምለው ደሙ የሚለውን ነው፤» አለች ፌሌሲታ። የማሊታንም ደም አስቀዳች።

ውጤቱ በደረሰ ዕለት ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ባለ እርሻው አቶ ካፉካ ከዋና ከተማው መጥተው ወንበር ተዘርግቶላቸዋል።

«ኒኮቲን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤» አለች። «ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይፈጨዋል፤ አተላው ግን ለቀናት ይቀራል። የላይሶን ደም በኒኮቲን ተሞልቷል። አተላው ግን ከምንም አይቆጠርም። ሳምንቱን ሙሉ ቅጠል አልነካም ማለት ነው። መርዙ ባንዴ ገብቶ፣ ሰውነቱ ሳይፈጨው ነው የገደለው። በቆዳ የገባ መርዝ ደግሞ ጉሮሮ አያቃጥልም፤ ትምባሆ የተዘፈዘፈበት አረቄ ነው የሚያቃጥለው።»

«ኧረ ሲለቅም አይቼዋለሁ!» ጮኸ ካቦው።

«ሆዷን የሸፈነውን የባሏን የዝናብ ካፖርት ነው ያየኸው። አተላው የሞላው የማሊታ ደም ነው። ከሥራ የቀረ ሰው ቤቱን ስለሚነጠቅ፣ ባሏን መስላ የለቀመችው፣ ፊትህ ያስመለሳትም እሷ ናት። ላይሶን ሊሎንግዌ ሆስፒታል፣ አንተ በዱላ የሰባበርከውን ወንድሙን ሲያስታምም ነበር፤ ስሙ ከአስታማሚዎች መዝገብ ላይ አለ። ወንድሙ ዓርብ ሞተ። ቅዳሜ ማታ ‹እከስሃለሁ› ሲልህ ጎረቤት ሰምቷል። ሚስቱ ቤቷን እንዳታጣ ከየት እንደመጣ አልነገረህም። አንተም እንታረቅ ብለህ አረቄውን ቀዳህለት፤ ቀን ሲያስመልሰው አይቻለሁና ማንም አይጠረጥርም ብለህ። ማሊታ ባሏ ቅጠል እንዳልነካ ታውቃለች፤ እሷ ብትሆን ይህን ዘዴ አትመርጥም። አቶ ካፉካ ከተማ ነበሩ። ማን ቀረ?»

ካቦው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊምል ሲነሣ፣ ፖሊሶቹ እየጎተቱ ወሰዱት። ፌሌሲታ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

አቶ ካፉካ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። ታዲያ ላይሶን ያን ሁሉ ቀን ሥራ ላይ አልነበረም ነው የምትዪው?»

«አልነበረም።»

«ሥራ ላይም አልሞተም?»

ፌሌሲታ ወዴት እንደሚወስዷት ያኔ ገባት። ያለችውን ግን መዋጥ አትችልም።

«አልሞተም።»

አቶ ካፉካ ወደ ማሊታ ዞሩ። «ሰምተሻል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱን ልቀቂ።»

ማሊታ ሆዷን ደግፋ ተነሣችና ፌሌሲታን አየቻት። ኢንስፔክተሯ የምርመራውን ወረቀት ታጥፍ ነበር፤ አጥፋ ስትጨርስም ቀና ማለት አቃታት።