መላሽ ያጣ እልልታ

ዮሐና የእትዬ አገሪቱን ሱቅ በር በትከሻዋ ገፍታ እልል እያለች ገባች።

አገር ቤት ቢሆን እልልታ መላሽ አያጣም፤ ነገሩን ያላወቀ ሰው እንኳ አብሮ እልል ካለ በኋላ ነው «ምን ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቀው። እዚህ ጄኔቫ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በርበሬና ሽሮ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ፣ እትዬ አገሪቱም አንድ ቀን መልስ ነፍገዋት አያውቁም። ያን ሐሙስ ግን ማንም አልመለሰላትም። እትዬ አገሪቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተንደርድረው ወጡና አፏን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተይ ልጄ፣ ዛሬ እልል አይባልም» አሉ።

ከሩዙ ጆንያ አጠገብ ጋሽ ተክለሃይማኖት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። እሳቸው ጡረታ የወጡ የሆቴል በረኛ ናቸው፤ በጄኔቫ ሐበሻ ዘንድ ግን ሽማግሌ ናቸው። ልደት ላይ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ መርዶም ያረዳሉ። ዮሐና እሳቸውን አይታ፣ ባርኔጣቸውንም አይታ፣ የያዘችው ወሬ አፏ ውስጥ ቀረ።

ወሬው ግን ትልቅ ነበር። ጄኔቫ ውስጥ ኮሌጅ የሚሉት ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። የእነዮሐና ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነበር። ደጋፊ የሚባሉትም ዝናብ ሲጥል አዳራሹ ውስጥ የሚጠለሉ ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ የተቀረው ለመሳቅ ነበር የሚመጣው። በመስከረም አዲስ አሠልጣኝ ተቀጠረ። መስዬ ቦሻ ይሉታል፣ አቶ ቦሻ እንደማለት ነው፤ አንድ እግሩን ትንሽ የሚያነክስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እሱም ተጫዋቾቹን ብቻ ሳይሆን ደጋፊውንም ማሠልጠን ያዘ። መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ እንደሚጮኽ፣ ማን እንደሚጀምር ልምምድ አስደረጋቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር መሳቁን ተዉትና መቀመጫ መሻማት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ድል ቀን ዮሐና ሳታስበው እልል አለች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፤ አሠልጣኙም ዞረ። ከዚያ ወዲህ የየጨዋታው የመጨረሻ ደቂቃዎች የእሷ ናቸው። አሠልጣኙ እጁን ወደ ደጋፊው ሲያነሣ እሷ እልል ትላለች፣ ቡድኑ ይሮጣል። የስዊስ ልጆችም ሊከተሏት ይሞክራሉ፤ አብዛኞቹ አፋቸውን የሚጉመጠመጡ ነው የሚመስሉት፣ ልባቸው ግን ንጹሕ ነው። አሁን ቡድኑ ለፍጻሜ አልፎ ቅዳሜ ዙሪክ ሊጫወት ነበር። ዮሐና ይህን ልትናገር ነበር የመጣችው።

«ማን ነው?» አለች።

እትዬ አገሪቱ ጋሽ ተክለሃይማኖትን አዩ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ደረጄ ነው» አሉ እትዬ አገሪቱ።

ደረጄ የእናቷ አንድ ወንድም ነው። እናቷ ሸዋረጋ ጄኔቫ መጥታ ዲፕሎማት ቤት ስትቀጠር፣ ዮሐናን ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት አዲስ አበባ ያሳደጋት እሱ ነው። እሑድ እሑድ ትከሻው ላይ አስቀምጦ የሚሠራበትን ፋብሪካ ቡድን ጨዋታ ያሳያት ነበር። ያም ቡድን ተሸናፊ ነበር። አዲስ አሠልጣኝ በመጣ ቁጥር ጋሼ ደረጄ እጁን እያፋተገ «ዘንድሮ ሌላ ነው» ይላል፤ ክረምት ሲገባ ያ አሠልጣኝ ይባረርና ሌላ ይመጣል፣ እሱም ያንኑ ይላል። «እኔ አፏጫለሁ፣ አንቺ እልል በይ» ብሎ ያስጀመራት እሱ ነው። ስለ መስዬ ቦሻ በስልክ ስትነግረው ከሷ በላይ ነበር ደስ ያለው። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ፣ አልተነሣም።

ዘመዶቹ ለሸዋረጋ አልደወሉም። መርዶ እንዲያ አይነገርም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጋፊ አጠገብ ኖሮ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ለእትዬ አገሪቱ ደወሉላቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖትም ቀኑን ቆርጠው ነበር። ከእሑድ በፊት ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ማንም አይገኝም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስበው ሸዋረጋ ወዳለችበት ወደ ግራንድ ሳኮኔ ይሄዳሉ።

«እስከዚያ እንዳትሰማ» አሉ። «በሰው ቤት፣ ለብቻዋ፣ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? አንቺም ፊትሽ እንዳይለወጥ። ጨዋታ ካለሽም ሂጂ። ከቀረሽ ትጠረጥራለች።»

«ደውዬ ላግኘው ካለችሽም መስመሩ ተበላሽቷል በያት» ብለው እትዬ አገሪቱ ጨመሩበት።

ከዚያም ዮሐናን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኛ ገባና እንባቸውን በመሃረብ ጠርገው ምስር ሊመዝኑ ሄዱ። ዮሐና እናቷ ያዘዘቻትን በርበሬ ይዛ ወጣች። ለእናቷ ጎህ አለ፣ ሰው አለ፣ የሚይዝ እጅ አለ። ለሷ ግን ማንም አላሰበላትም፤ በሩዝና በምስር ጆንያ መካከል ሰማች፣ በቃ። ይህ ነገር ክፉኛ አናደዳት፤ መናደዷ ደግሞ ከማልቀስ አዳናት።

እናቷ ዲፕሎማቱ ቤት ምድር ቤት ካለችው ክፍላቸው ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ አገኘቻት።

«ቅዳሜ ነው አይደል?» አለች ሸዋረጋ፣ ልጇ ገና ሳትቀመጥ። ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ግን የተጫዋቾቹን ስም ሳይቀር ታውቃለች። አሠልጣኙንም አይታው ሳታውቅ «የኛ ሰውዬ» ነው የምትለው። ከሰል ከመሰለ ሕይወት ውስጥ እንዲህ የሚያስቃት ነገር ዮሐና ከመጣች ወዲህ አልታየም ነበር። «የስልክ ካርድ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ስትመለሺ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ካሉት ስልኮች ውጤቱን ለደረጄ አብረን እንነግረዋለን። ዘንድሮ ሌላ ነው ብሎኛል።»

ዮሐና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ፎጣ ነክሳ አለቀሰች። ስትወጣ እናቷ ዓይኗን አየችው። ዮሐና ሻምፑ ገባብኝ አለች። ሸዋረጋም አምና ወደ ሸሚዟ ተመለሰች፤ ያ ማመኗ ነው ዮሐናን ከሁሉ ይልቅ የጎዳት።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ በሰማያዊ ሻርፕ ተሞላ። አምና ለዚህ ቡድን አውቶቡስ መሳፈር የማይፈልጉ ልጆች ዛሬ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው ይዘፍናሉ። ሎዛን ሲያልፉ ሊዲ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሊዲ እዚያው ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር የተወለደች ሐበሻ ናት፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ ፈረንሳይኛ እየለቀመ ነው የሚሄደው።

«ዮዮ፣ አንቺ ዛሬ ዝም አለሽ። ሴ ክዋ? ታመምሽ?»

ዮሐና ጉሮሮዬን አሞኛል አለች። ሊዲም ደንግጣ ከቦርሳዋ ማር ያለበት ከረሜላ አወጣችላት፤ ወሬውም ከፉርጎ ፉርጎ ተዛመተና ሁሉም ከረሜላ ይዞ ይመጣ ጀመር። ለእልልታው ነበር የሚጨነቁት። ዮሐና ከረሜላዎቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮቱ የጄኔቫን ሐይቅ ታይ ነበር። ከመካከላቸው ለአንዱ ብነግረው ምን ይለኝ ይሆን ብላ አሰበች። ያዝኑላት ነበር። ግን እሑድ እስኪነጋ አትናገሪ ተብላለች፤ ደግሞም እናቷ ያልሰማችውን እነሱ እንዴት ይስሙት?

የዙሪኮቹ አዳራሽ ሰፊ ነው። ደጋፊዎቻቸው የላም ቃጭል ይዘው መጥተው ጆሮ ያደነቁራሉ። ጨዋታው ሲጀመር የእነዮሐና ቡድን ሳይታሰብ መራ፣ ከዚያ ተመራ፣ ከዚያ ተደራረሱ። ደጋፊው መስዬ ቦሻ እንዳስተማረው ዝም የሚባልበት ላይ ዝም አለ፣ የሚጮኽበት ላይ ጮኸ። ከጎኗ ያለ ቀጭን ልጅ ከደስታው ብዛት ሻርፑን ያኝካል። ሁሉም አምነው ነበር። ዮሐና እንደነሱ ማመን ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ እስከ ሐሙስ ድረስ ከነሱ በላይ አማኝ እሷ ነበረች።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ አሠልጣኙ ዞረ። እጁን አነሣ።

ደጋፊው ሁሉ ዝም ብሎ ዮሐናን ተመለከተ። እሷም አፏን ከፈተች። ጋሼ ደረጄ ሲያፏጭ ሰማችው፤ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተሸናፊ ቡድኑን ሲጠራ። እሱ ቢሆን እልል በይ ይላት ነበር፣ ይህን አልተጠራጠረችም። ግን አፈሩ ገና አልደረቀም፤ አፈር በለበሰ ሳምንት ሳይሞላው እልል ይባልለታል? ከደረቷ የሚመጣው ድምፅ ሌላ ድምፅ እንደሆነ አወቀችና አፏን ዘጋች።

«ዮዮ! አሁን!» አለች ሊዲ ክንዷን ይዛ እየነቀነቀች።

ዮሐና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሊዲ ራሷ ልትጀምረው ሞከረች፤ ድምፁ ተሰባብሮ በቃጭሉ ተዋጠ። ሜዳ ላይ ረጅሙ ተጫዋቻቸው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ደጋፊው አየ፤ ኳሱ ያን ጊዜ ከእጁ አመለጠው። በአንድ ቅርጫት ተሸነፉ።

የወቀሳት አልነበረም። ጉሮሮዋን አሟታል ተብሏላ። እንዲያውም ሲመለሱ ባቡር ላይ ገና ፍሪቡር ሳይደርሱ ዘፈኑ ተጀመረ፤ አሠልጣኙ እንዳለ ነው፣ ረጅሙም አንድ ዓመት ይቀረዋል፣ ከርሞ ዋንጫው የኛ ነው ይሉ ነበር። ቀጭኑ ልጅ አለቃቅሶ ሲያበቃ ከሁሉ በላይ የሚዘፍነው እሱ ሆነ። ዮሐና ተስፋቸውን መስማት አልቻለችም። ለሷ ከርሞ የሚባል ነገር አልታያትም፤ የሚታያት የነገ ጎህ ነው፣ ከዚያም በፊት የእናቷ የስልክ ካርድ። መስዬ ቦሻ እያነከሰ በመተላለፊያው ሲያልፍ መሬት ላይ የወደቀ ሻርፗን አነሣና አጠገቧ አስቀመጠላት። ምንም አልጠየቃትም። እሱን ያሳፈረችው መስሏት ቀና ብላ ማየት አቃታት።

መስመሩ ተበላሽቷል። መስመሩ ተበላሽቷል። ሐይቁ እስኪያልቅ ድረስ በልቧ ስትለማመደው ቆየች።

ኮርናቫን ሲደርሱ ገና አልመሸም። ሸዋረጋ የእረፍት ቀን ጃኬቷን ለብሳ፣ ካርዱን በእጇ ይዛ ባቡሩ የሚቆምበት ድረስ መጥታ ነበር። ልጆቹ እየዘፈኑ ሲወርዱ አይታ ፊቷ በራ።

«አሸነፋችሁ!»

«ተሸነፍን፣ እማ። በአንድ ቅርጫት።»

ሸዋረጋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የልጇን ጉንጭም በካርዱ ነካ አደረገች። «አይዞሽ። ደረጄ ስንት ዓመት ችሎት የለ? ነይ እንደውልለት፣ እሱ ያጽናናሻል።» ወደ ስልኮቹ መራመድ ጀመረች። ደግሞ ልታስቃት ፈልጋ ዞር አለች። «እልልታሽም አልሠራም በይኛ።»

የተለማመደችው ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዮሐና ዋጠችው።

«እልል አላልኩም» አለች።

«ምነው?»

ፈገግታው ሸዋረጋ ፊት ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የልጇን ዓይን አየች፤ ሐሙስ ማታ ሻምፑ ገባበት የተባለውን ዓይን። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ይህች ልጅ እልል ሳትል ቀርታ አታውቅም።

«ምነው፣ ዮሐና?» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ።

ዮሐና ካርዱን ከእጇ ወሰደችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። እናቷን ክንዷን ይዛም ወደ ስልኮቹ ሳይሆን ወደ ፓኪ በሚያወጣው በር በኩል አዞረቻት። እትዬ አገሪቱ ሱቃቸውን ገና አልዘጉም። ሰው አልተሰበሰበም፣ እሑድም አልነጋም፤ ጋሽ ተክለሃይማኖት ነገ ይቆጧት ይሆናል።

ሸዋረጋ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም። መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ እርምጃዋ እየዘገየ፣ ክብደቷ እየጨመረ መጣ። ከሱቁ ፊት ለፊት ስትደርስ ልትወድቅ ዘመመች። ዮሐና ያዘቻት።