ከመጋረጃው ወዲያ የተጻፉ ቁጥሮች

ዶክተር ይገረም እስክሪብቶውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ሞቷል። አንገቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። አጠገቡ በማደንዘዣ የተኛችው ጦጣ ግን በሰላም ትተነፍሳለች።

ቤተ ሙከራው ከሸማ ተራ ጀርባ ፎቅ ላይ ነው። የጦጣዋ የደም ግፊት በሁለት መንገድ ይለካል፤ በክንድ ማሰሪያና ደም ሥሯ ውስጥ በገባ ቱቦ። ዶክተሩ የቱቦውን፣ ሌላ ሰው የማሰሪያውን ቁጥር ይመዘግባሉ፤ አንዱ የሌላውን እንዳያይ መሃል ላይ መጋረጃ አለ። መነጋገርም ክልክል ነው።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች ኢንስፔክተር ሀስና።

ነርስ ጽጌሬዳ ጣቷን ወደ መጋረጃው ቀሰረች። «ሦስት ተኩል ላይ መሐንዲሱን ማሙሸትን ተክቼ ማሰሪያው ጋ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሲሞላ መጋረጃውን ገለጥኩ... እኔ አይደለሁም፣ እትዬ!»

«ማደንዘዣው ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍስ?»

«እኔ ጋ አለ። ማሙሸትም አለው።»

ዘበኛው ጋሽ ቢላል ጣልቃ ገቡ። «ማሙሸት ሦስት ተኩል ላይ ባትሪ ልግዛ ብሎ ዱባይ ተራ ሄደ። ከዚያ እስከ አራት ሰዓት ወደ ፎቅ ዝንብ አልወጣችም፤ ደረጃው አንድ ነው!»

«የዶክተሩን የመዝገብ ገጽ እዩት» አለ ከገበያ የተመለሰው ማሙሸት፣ ማሰሪያውን የሠራው መሐንዲስ። «እስከ አራት ሰዓት ጽፏል። አብራው የነበረችው እሷ ናት።»

ከሀስና ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ጽጌሬዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ቆይ» አለች ሀስና። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርግታ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱ ልኬቶች በጥቂት ይለያያሉ፤ ግን አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ሦስት ከአርባ ላይ ግን የጽጌሬዳ ማሰሪያ ከ108 ወደ 74 ወርዷል።»

«አዎ፣ ደንግጬ ማደንዘዣውን ቀነስኩ። ዶክተሩንም ጠራሁት፤ ዝም አለ። ሕጉን አክብሮ መሰለኝ።»

«የእሱ ገጽ ግን 112፣ 113፣ 112 ይላል። ቱቦውን እያየ የሚጽፍ ሰው ይህን አይስተውም። ጽጌሬዳ አስመስላ ብትጽፍ ደግሞ መውረዱን ስለምታውቅ አብራ ታወርደው ነበር። ስለዚህ ዶክተሩ እስከ አራት ሰዓት በሕይወት የነበረ እንዲመስል ገዳዩ ቁጥሮቹን የጻፈው ግፊቱ ሳይወርድ፣ ቀድሞ ነው። ከሦስት ተኩል በፊት እዚህ ከሟቹ ጋር ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ማሙሸት ዞሩ።

«ትናንት ደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ቢላል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዶክተሩ ‹ማሰሪያህ አይታመንም ብዬ አሳትማለሁ› ሲለው።»

«ስድስት ዓመት ለፍቼበታለሁ!» ማሙሸት ጮኸ። ካቴናው እጁ ላይ ገባ።

ጽጌሬዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አየር ሳበች። «እኔ ስጠራው... ሞቶ ነበር አይደል?»

ማሙሸት በሩ ላይ ቆም ብሎ አያት።

«ወግቼው ስወጣ ገና ይተነፍስ ነበር።»