ከበሩ አጠገብ ያለው ምስማር

ሎርና ቪንገንን ሞታ ያገኘቻት የባሏ እህት ጆይስ ናት። ሰኞ ጠዋት መንገዱን ተሻገረችና እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ በጓሮው በር ገባች። ተጣራች፣ መልስ የለም። የምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ታች ብታይ ሎርና በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ዙሪያዋ ቀይ በቀይ ነው። ጆይስ አልጮኸችም። በአሜሪካዋ ዳኮታ ሰው ዝም ብሎ አይጮህም። ስልኩን አነሳችና «ሎርና ወድቃለች፤ አትቸኩሉ፣ ሞታለች» አለች።

መርማሪዋ ማርሊስ ብሬኪ ስትደርስ ሸሪፉ ኬንት ቀድሟት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ማርሊስ ወፍራም ናት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ቢሆንም ደረጃውን እየተነፈሰች ወርዳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጣቷን ቀዩ ውስጥ ነከር አድርጋ አሸተተች።

«አብዛኛው ደም አይደለም» አለች። «ኮምጣጤ ነው። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር። ብልቃጡ እጇ ላይ እንዳለ ነው የተሰበረው።»

«እንግዲህ አሮጊት ናት። ብልቃጥ ይዛ ስትወጣ አዳለጣት።»

«አንተ ሽቅብ ስትወጣ ቢያዳልጥህ ወዴት ትወድቃለህ?»

«በፊቴ ነዋ።»

«እሷስ?»

ኬንት አሮጊቷን አየ። ጀርባዋን ለመሬት ሰጥታ ጣሪያውን ታያለች።

«ከላይ ሰው ነበረ» አለች ማርሊስ። «ፊት ለፊቷ ቆሞ።»

ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣች። ጥር ነው። በዚያ ብርድ መኪና በገመድ ኤሌክትሪክ ላይ ካልተሰካ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰው ቤት የሄደ ሁሉ መኪናውን ሰክቶ ነው የሚገባው። ሎርና ቤት ሦስት ሶኬት አለ፤ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ አንዱ ከመሀል፣ አንዱ ከጥግ፣ እንግዳው በረዶ እየረገጠ የሚመጣበት። ከየሶኬቱ በላይ ለቤቱ ገመድ ምስማር ተመትቷል። እንግዳ ሲነሳ ሎርና የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ ትወጣለች፣ ገመዱን ራሷ ትነቅላለች፣ ክርኗ ላይ አስተካክላ ጠምጥማ ቦታው ላይ ትሰቅላለች፣ ከዚያ እጇን ታወዛውዛለች። ያ ካልሆነ ማንም ተሸኘሁ አይልም።

የመሀሉ ምስማር ላይ ሰማያዊ ገመድ ተሰቅሏል። የጥጉ ምስማር ባዶ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው ላይ ግን ሁለት ገመድ ተደርቧል፤ ከሥር በወጉ የተጠመጠመ አጭር ቢጫ፣ ከላይ እንደ ነገሩ የተጠቀለለ ረጅም ብርቱካንማ። ማርሊስ ትንፋሿ እየተነነ ብዙ ቆማ አየችው።

«ይሄን ማንም እንዳይነካ» አለች።

*

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሎርና ቤት ምሳ የበሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ጆይስ፣ ሴናተሩ ዴል፣ ለፓርቲው ገንዘብ የሚሰበስበው ማርቭ፣ እና ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ፊርማ የምታሰባስበው ወጣቷ ቴስ። ማርሊስ ከጆይስ ጀመረች።

«ምን ተባለ ምሳው ላይ?»

«ስጋና ድንቹን በልተን ኬኩ ሳይቆረስ ሎርና ሹካዋን አስቀመጠች። ‹ከእንግዲህ ለሰው ገንዘብ አልሰጥም› አለች። ‹ለእጩም ለፓርቲም። ለጉዳዩ ነው የምሰጠው። የአረጋውያን ቤታችን እንዳይዘጋ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ይስጥበት፣ ገንዘቤን እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ሰው ከተመረጠ በኋላ ይለወጣል። ሕዝብ ያጸደቀው ሕግ ምሳ ተጋብዞ ሐሳቡን አይቀይርም› አለች።»

«ዴል ፊት?»

«ዴል ፊት። ሳቀ። ዴል ሲናደድ ይስቃል።»

«እርስዎስ?»

ጆይስ ጓንቷን አጣጠፈች። «የሎርና ባል አልቪን እኮ ወንድሜ ነው። የእኛው የአረጋውያን ቤት ቦታ የለም ተብሎ፣ ግማሽ ቀን ተነድቶ በሚደረስ አገር ማንም ሳያየው ሞተ። ዴል ሦስት ጊዜ ቃል ገባ፣ ሦስቴም ቤቱ ይዘጋ ከሚሉት ጋር እጁን አወጣ። ሎርና ልክ ናት። ግን ዕድሜ ልኬን ጎረቤቷ ነኝ፤ ይሄን ሁሉ ስታስብ የመከረችው ከዚያች ከሱ ፎልስ ከተማ ከመጣችው ልጅ ጋር ነው። እኔን አንድ ቀን ‹ጆይስ፣ ምን ይመስልሻል› አላለችኝም።»

«ቀንተዋል ማለት ነው።»

«ቀንቻለሁ። ቢሆንም እንግዲህ ቅናት ይዞኝ ተኛሁ እንጂ ሰው አልገፋሁም።»

«ሲሄዱ ማን ቀረ?»

«እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት። ከመስኮቴ የዴል መኪና ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሎርና እጇን አወዛወዘችለት። ማርቭና ልጅቱ ገና እዚያው ነበሩ። ከዚያ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ብልቃጥ ሰጠችዎት?»

«የፕለም ማርማላታ። ሎርና እኮ በባዶ እጅ ሰው ሸኝታ አታውቅም።»

ዴል ክሮግስታድ የክልሉ ምክር ቤት ሴናተር ነው። ማርሊስን ቢሮው ውስጥ ሁለት እጇን ይዞ ተቀበላት፤ ሁሉንም ሰው እንደዚያ ነው የሚይዘው።

«ሴናተር፣ እጄን ይልቀቁልኝና እናውራ። ገንዘቧ ቀረብዎት።»

«ቀረብኝ። እኔን ያናደደኝ ግን ምን መሰለሽ? ለሌላ እጩ ብትሰጥ እሺ፤ የሰውየውን ጉድ እፈልጋለሁ። ከአረጋውያን ቤት ጋር እንዴት አድርጌ ልወዳደር? ሚስት የለው፣ ዕዳ የለው።» ሳቀ። «ከበሩ አጠገብ ያለው ሶኬት እኮ ሁልጊዜ የእኔ ነበር። ትናንት ብደርስ የልጅቱ መኪና ተሰክቷል። ሎርና ራሷ መሀሉ ላይ ሰካችኝ። ማርቭ ደግሞ ከጥግ።»

«ለየብቻ ነው የመጣችሁት?»

«ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃያ ዓመት ማርቭ ነው የሚነዳኝ። እኔ እጅ ለመጨበጥ ቀድሜ እወርዳለሁ፣ እሱ ይሰካል፤ ስንሄድም ሎርና እኔን ስትሰናበት ነቅሎ የሚሰቅለው እሱ ነው። ትናንት ሎርናን ብቻዋን ላናግራት ብሎ በራሱ ፒክአፕ መጣ፤ ልጅቱ ቀደመችው።»

ማርሊስ ስትወጣ ኬንት በር ላይ ጠበቃት። «ከልጅቱና ከማርቭ አንዱ ነው የመጨረሻው እንግዳ» አለ። «ማርቭ የአባቴን አስከሬን የተሸከመ ሰው ነው። እሷን ማንም አያውቃትም። ዛሬ ካላሰርኳት ከተማው ሁሉ ይጮህብኛል።»

«ከተማው ይጠብቅ።»

ቴስ ኦካምፖ ከዳቦ ቤቱ በላይ በተከራየችው ክፍል ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። በመስኮቱ የሸሪፉ መኪና ይታያል።

«እኔ ስነሳ ማርቭ ቡናውን አልጨረሰም ነበር» አለች። «ሎርና ወጥታ ሸኘችኝ። ገመዴን ጠቀለለች፣ ማርማላታ ሰጠችኝ፣ ‹በበረዶ ላይ አትፍጠኚ› አለችኝ። ይኸው ነው።»

«ማርቭ ለሸሪፉ አንቺ ቀረሽ ብሎታል።»

«ይበል። ማንን ነው የሚያምኑት?» ካፖርቷን ወደ ራሷ ሰበሰበች። «ወይዘሮ ብሬኪ፣ ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። እኔ ከታሰርኩ ጉዳዩም አለቀ። ማን ነው ከነፍሰ ገዳይ እጅ ብዕር ተቀብሎ የሚፈርመው? በሚቀጥለው ወር ቤቱን ይዘጉታል፣ ሽማግሌዎቹን ጭነው ይወስዷቸዋል።»

«ምግብ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ብዪ፣ የኔ ልጅ። በባዶ ሆድ ሰው ንጹሕ ቢሆንም ጥፋተኛ ይመስላል።»

ማርቭ ሃይዴ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ጎን ለጎን ለፓርቲው ገንዘብ የሚሰበስበው እሱ ነው። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። ሎርናን ወደ ፖለቲካ ያስገባት እሱ መሆኑን የማያውቅ የለም።

«እኔ ስሄድ ልጅቱ ወንበሯን ወደ ሎርና አስጠግታ ነበር» አለ። «ከመጣች ጀምሮ እንደዚያው ናት።»

«ሎርና ሸኘችህ?»

«እንደ ሌላው እንግዳ። ካፖርቱን ደረበች፣ ገመዴን ነቅላ ሰቀለች፣ እጇን አወዛወዘች።»

«የት ሰቀለችው?»

«ከጥጉ ላይ ነዋ። እዚያ አይደል የወረወረችኝ?»

«ወረወረችኝ?»

ማርቭ ብዕሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለው። «እሁድ እሁድ ማታ ትደውልልኝ ነበር። ማርቭ፣ ይሄ ሰው እንዴት ነው፣ ያኛውስ ትለኛለች። ልጅቱ ከመጣች ወዲህ ስልኬ አልጮኸም። አየሽ፣ ዴል ገንዘብ ነው ያጣው።»

«አንተስ?»

ማርቭ ብዕሩን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«ብልቃጥ ሰጠችህ?»

«አዎ። ማርማላታ።»

«የፕለም?»

«የፕለም።»

ማርሊስ አመስግናው ወጣች። ጉልበቷን እያሻሸች መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ኬንት ጋ ደወለች። «ሁሉንም ሎርና ቤት ሰብስብልኝ። ካቴናህንም ያዝ።»

*

ኬንት ቀድሞ ደርሶ መኪናውን በራሱ ገመድ ከበሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ሰካው፤ ምስማሮቹን ግን አልነካም። ስድስቱም በረንዳው ላይ ብርድ እየቆረጣቸው ቆሙ። ኬንት ከቴስ ጎን ነው የቆመው፣ እጁን ቀበቶው ላይ ባለው ካቴና አሳርፎ።

«ውስጥ ሆነን ብናወራ ምን አለበት?» አለ ዴል።

«መስካሪው እዚህ ነው ያለው» አለች ማርሊስ። «እሁድ ሦስት መኪና ተሰክቶ ነበር። በቢጫው ገመድ የተሰካው የማን መኪና ነው?»

«የእኔ» አለች ቴስ።

«ሰማያዊው የእርስዎ ነው ሴናተር። ከጥጉ ሶኬት እስከ መኪናው የሚደርሰው ረጅሙ ብቻ ነው፤ ብርቱካንማው። እሱ ያንተ ነው፣ ማርቭ።»

«ብያለሁ እኮ።»

«ብለሃል። ሎርና ጥጉ ላይ ሰቀለችው ብለሃል። የት ነው ያለው?»

ሁሉም አዩ። ማርቭም አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«ተሳስታ ይሆናላ። አሮጊት ናት።»

«እሺ ትሳሳት። አንተ ቀድመህ ከሄድክ ያንተ ገመድ ቀድሞ ይሰቀላል፤ የቴስ ከላይ ይደረባል። አሁን ግን ቢጫው ከሥር ነው፣ ያንተ ከላይ። ስለዚህ ቴስ ቀድማ ሄዳለች።»

«ልጅቱ አውርዳ ደርባው ቢሆንስ?» አለ ኬንት። ካቴናውን ግን ለቆታል።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ጆይስ፣ ቢጫውን ማን ነው የጠቀለለው?»

ጆይስ ጠጋ ብላ አየች። «ሎርና። በክርን ነው፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል። እንደዚህ የምታደርገው እሷ ብቻ ናት።»

«ብርቱካንማውስ?»

«ይሄማ ተጠቅልሏል እንኳ አይባልም።»

«ቴስ ስትሄድ ሎርና በሕይወት ነበረች፣ ገመዷን በእጇ ሰቅላላታለች። ማርቭ ሲሄድ የሚሸኘው አልነበረም። ራሱ ነቀለ፣ ጠቀለለ፤ ወለሉ ላይ ቢጥለው ያስታውቃልና ሰቀለው። ግን እጁ ደንግጧል። የደነገጠ እጅ ወደሚያውቀው ነው የሚሄደው።» ወደ ዴል ዞረች። «ሃያ ዓመት የእርስዎን ገመድ የት ነበር የሚሰቅለው?»

ዴል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ መለሰ። «ከበሩ አጠገብ።»

ነፋሱ ገመዶቹን አወዛወዛቸው። ማርቭ በተወለወለ ጫማው በረዶውን ገፋ።

«እያናገርኳት እኮ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ያልኩትን ሁሉ የሰማች ሴት። ሰው ምን አጠፋ አልኳት። አንቺና እኔ ሰው መርጠን አሳድገን፣ ለምን ለአንዲት ልጅ ብለሽ ትጥይኛለሽ አልኳት። ‹ቆይ› ብላኝ ወሬዬን አቋርጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኳት። እንድትሰማኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

«ምን ልታመጣ የወረደች መሰለህ?» አለች ማርሊስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ማርማላታ ሰጠችኝ ብለኸኛል። ጆይስ፣ ሎርና ለማርቭ ማርማላታ ሰጥታ ታውቃለች?»

«ለማርቭ?» አለች ጆይስ። «ጣፋጭ አይወድም። ለማርቭ ሁሌ ቀይ ሥር ነው። ከእሱ በቀር የሚበላው የለም፤ እሷ ራሷ ሽታውን አትችለውም። ዘንድሮ እጇን እያመማት ‹ማርቭ ይጠብቃል› ብላ ነው የዘፈዘፈችው።»

የምድር ቤቱ ኮምጣጤ እስከ በረንዳው ይሸታል። ማርቭ ወደ ኬንት ዞረ። ካቴናው ሲገባለት እጁን ራሱ ነው የዘረጋው።

ኬንት ይዞት ሄደና መኪናው ውስጥ አስገባው። ቴስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ጆይስ አጠገቧ ቆመች።

«የሚፈረመው ወረቀት ይዘሻል?»

«መኪናዬ ውስጥ አለ።»

«ስትገቢ ይዘሽው ግቢ። ደግሞ ሌላ ጊዜ ምክር ካለ እኔንም ጥሪኝ።»

ከዚያ ጆይስ ወደ ውስጥ ገብታ የወንድሟን ካፖርት ደርባ ወጣች። የኬንትን መኪና ገመድ ነቀለች፤ ከዚያ ቤት ማንም ሳይሸኝ አይሄድም። ክርኗ ላይ በወጉ ጠመጠመችው። ማርቭ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ ያያታል። መኪናው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ጆይስ መንገዱ ዳር ድረስ ወጣችና ቆመች።

እጇን ግን አላወዛወዘችም።